ድንቢጥ ስንት ተሸጠች?

ሬሳውን ያገኘችው የፅዳት ሠራተኛዋ ነች። የማሳያ አዳራሹን መብራት አብርታ ባልዲዋን ስታስቀምጥ ከመድረኩ ግርጌ የወንድ ጫማ አየች። አንድ ሰው መኪናው ሥር ገብቶ የሚሠራ መሰላት። «እንደምን አደርክ» አለችው። መልስ ስታጣ ጎንበስ ብላ አየች፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ለኢንስፔክተሯ ስትናገር ባልዲውን መቼ እንደደፋችው አላስታወሰችም።

ሟቹ የኩባንያው የሽያጭ አጥኚ ነበር። ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉም «ትንበያ» ይሉታል። ምሳ የት እንብላ ቢባል እንኳ «እንደ አዝማሚያው ከሆነ» ብሎ የሚጀምር ልጅ ነበር።

ኩባንያው ትንሽ ነው። እስካሁን የሠራው ሦስት ዓይነት መኪና ሲሆን መሥራቹ ሁሉንም በወፍ ስም ጠርቷቸዋል። ድንቢጥ ሁለት በር ያላት ትንሿ ናት። ቆቅ የቤተሰብ መኪና ነች። ጭልፊት ደግሞ ፒክአፕ ነው። መድረኩ ላይ የቆመችው ከሁሉም በፊት የተሠራችው ድንቢጥ ነበረች፤ ቀይ ቀለሟ መስታወት ይመስላል።

«አንድ ምት ነው» አለ ሳጅኑ። «ከጆሮው በላይ፣ በብረት። ብረቱ ግን የለም።»

ኢንስፔክተሯ ሟቹን ቁልቁል አየችው። አዲስ የተተኮሰ ከረባት አስሯል። በዙሪያው የቆሙት ሠራተኞች ሁሉ ሸሚዝና ሹራብ ነው የለበሱት።

«ሁልጊዜ ከረባት ያስራል?» ብላ ጠየቀች።

«እሱ?» አለች የፅዳት ሠራተኛዋ። «ለሠርግም አስሮ አያውቅ።»

ከድንቢጧ ጎን፣ በጨርቅ ላይ፣ ከመኪናዋ ጋር የመጡት የድሮ መሣሪያዎች ለጎብኚ ተደርድረዋል። ክሪኩ በግራሶ ጠቁሯል። የጎማ መፍቻው ግን ያብረቀርቃል። ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ አሸተተችው። ሳሙና፤ ያውም የጽጌረዳ ሽታ ያለው። የፊት ጎማውን ብሎን ነካ ስታደርገው በጣቷ ዞረ።

«ይሄ ጎማ አልጠበቀም።»

«ለማሳያ የቆመች መኪና ናት» አለ ሳጅኑ። «የት ትሄዳለች ብለው ነው?»

«ሌሎቹ ሦስቱ ግን ጥብቅ ናቸው። መፍቻውን ለምርመራ ላከው።»

* * *

ዘበኛው የሚያዳምጠው ሰው ሲያገኝ ደስ የሚለው ዓይነት ነበር።

«ዛሬ ጧት ከፅዳቷ በፊት ማን ገባ?»

«ትንበያ ገባ፣ እንደ ወትሮው ከሰው ሁሉ ቀድሞ። ቀጥሎ ሥራ አስኪያጇ። ቀጥሎ ፅዳቷ። በቃ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ኢንስፔክተር፣ በኔ በር ድመት እንኳ ሰላም ሳትለኝ አትገባም።»

«ከትንበያ ጋር የተጣላ ሰው ነበር?»

ዘበኛው ወደ አዳራሹ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ትናንት ከሽያጭ ኃላፊው ጋር ጩኸታቸው እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። ቅቤ አንጓች ነው የምንለው። ዛሬ በዚህ በር አልገባም። የጋራዡ የኋላ በር ቁልፍ ግን እጁ ላይ ነው። እኔ ነገርኩሽ እንዳትይ።»

* * *

ሥራ አስኪያጇ የመሥራቹ ልጅ ነች። ቢሮዋ ከአዳራሹ በላይ ነው። ስትናገር ድምጿ አይንቀጠቀጥም፤ እጆቿን ግን ጠረጴዛው ሥር ደብቃለች።

«ልክ እንደገባሁ ወደዚህ ወጣሁ። ምንም አልሰማሁም። የሰማሁት የፅዳቷን ጩኸት ነው።»

«ትንበያ ምን ነበር የሚሠራው?»

ኮምፒውተሩን አዞረችላት። ሦስት መስመሮች ይታያሉ። «የትኛው ሞዴል እንደሚሸጥ፣ የትኛው እንደሚደክም ይከታተላል። ይቺ ቆቅ ናት፤ አቀበት እንደያዘ ሽማግሌ ታዘግማለች። ይሄ ጭልፊት ነው፤ ወደ ላይ ይወጣል። ይቺ ደግሞ ድንቢጥ።»

«መሬት ነክታለች።»

«ትንበያ ነው በጊዜ ያየው። ወጣቱ ትንሽ መኪና ተወ፤ አምና የማምረቻ መስመሯን ዘጋናት። ያን ውሳኔ ስፈርም እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። የአባቴ የመጀመሪያ ልጅ እሷ ናት፤ እኔ ሁለተኛ ነኝ።»

«ከሽያጭ ኃላፊው ጋር ምን አጣላው?»

«ጭልፊት። ትንበያ ይሄ መስመር ውሸት ነው አለ። ተሸጡ የተባሉት ጭልፊቶች ለመጀመሪያ ሰርቪስ አይመጡም። ‹መኪና ገዝቶ ዘይት የማያስቀይር ሕዝብ ከየት መጣ?› ብሎ በስብሰባ መሀል ጠየቀው።»

ሳጅኑ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሳና ኢንስፔክተሯን አያት። ነገሩ ያለቀ መሰለው።

* * *

ከመሄዳቸው በፊት ኢንስፔክተሯ በአዳራሹ ጓሮ ያለውን ቤት ማየት ፈለገች። ትንሽ የአትክልት ቦታ ነው የሚለየው። መሥራቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ኮታቸው ተቆልፏል፤ ፀጉራቸው በእርጥቡ ተበጥሯል። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ልጃቸው ከኋላቸው መጥታ ቆመች፤ አስታማሚያቸው ጎናቸው አለች።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዜር ይመስገን። ትንበያ መጣ እንዴ?»

ልጃቸው ዓይኗን ጨፈነች። ኢንስፔክተሯ ሌላ መንገድ ስላልታያት እውነቱን ነገረቻቸው። ሽማግሌው አለቀሱ፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ የሚያናውጥ ለቅሶ ነበር። «እንዲህ ያለ ልጅ» አሉ። «እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ።» አስታማሚዋ ፊታቸውን ጠረገችላቸው። የአትክልቱን ቅጠል ጥቂት ተመለከቱና ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ።

«አንቺ አዲስ ሠራተኛ ነሽ? ትንበያ ሲመጣ ወደኔ ላኪልኝ። አርፍዷል።»

«የመርሳት ሕመም ነው» አለች ልጃቸው። «ዓመታት ሆነው።»

«ጧት ማን ነበር አብሯቸው?»

«እኔ» አለች አስታማሚዋ ቶሎ ብላ። «ቁርስ እያበላኋቸው ነበር።»

* * *

ቅቤ አንጓችን ሲይዙት ሻንጣውን እያዘጋጀ ነበር። መጀመሪያ ቤቴ ተኝቼ ነበር አለ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «የት ተኝተህ?» ስትለው ሐሳቡን ቀየረ።

«እሺ፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር።»

«የትኛው?» አለ ሳጅኑ።

ሻንጣውን ዘጋው።

«ልጁን ገድለኸዋል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ኧረ በሕግ አምላክ! እኔ ዶሮ ሲታረድ የምሸሽ ሰው ነኝ።» ተቀመጠ፤ ያ ቅቤ የመሰለ ፊቱ ሟሟ። «መጋዘን ነበርኩ። ጭልፊቶቹን ሳሸሽ። የተሸጡ አይደሉም። የሽያጭ ወኪሎቹን ለምኜ በስማቸው አስመዘገብኳቸውና መጋዘን አቆምኳቸው። መስመሩ ወደ ላይ ካልወጣ ጭልፊትም እንደ ድንቢጥ ሊዘጋ ነው፤ ጭልፊት ከተዘጋ እኔም አብሬ ነኝ። ትንበያ ዛሬ ሊያጋልጠኝ ስለነበር ሌላ ቦታ ልደብቃቸው ሄድኩ።»

መጋዘኑ ሄደው አዩ። አዳዲስ ጭልፊቶች ላስቲካቸው ሳይነሳ አቧራ ለብሰው ተደርድረዋል። ሹፌሮቹም የመጋዘኑ ጠባቂም ማልዶ መጥቶ እስከ ረፋድ ሲያስነዳቸው እንደነበር መሰከሩ። ሰውየው አጭበርባሪ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ ግን አልነበረም። ሳጅኑ የመኪናውን በር በኃይል ዘጋው።

* * *

የትንበያ እናት ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። ለቅሶ የመጡት ጎረቤቶች ለኢንስፔክተሯ ቦታ ለቀቁላት።

«እማማ፣ አዝናለሁ። ስለ ከረባቱ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ስለ ከረባቱ?» እናትየው ነጠላቸውን ከዓይናቸው ላይ አነሱ። «የአባቱ ነው። ትናንት ከሣጥን አውጥቶ ተኮሰው። ምን ተገኘ ስለው፣ ‹እማዬ፣ ክፉ ወሬ በሹራብ አይነገርም› አለኝ።»

«ለማን ነው የሚነገረው?»

«አልነገረኝም። ልጄ መዋሸት አያውቅበትም። ግን ጧት ጧት ለአንድ ሰው ይዋሽ ነበር። ‹እማዬ፣ ለአንድ ሽማግሌ በየቀኑ አንዲት ውሸት እነግራቸዋለሁ፣ ኃጢአት ይሆንብኛል?› ይለኝ ነበር። እኔም ሽማግሌው ደስ ይላቸዋል ወይ አልኩት። ‹ይዘፍናሉ› አለኝ። እንግዲያውስ ኃጢአቱን ለኔ ስጠኝ አልኩት።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ዘጋች። ምርመራው ወዴት እየወሰዳት እንደሆነ ገብቷታል፤ መሄድ ግን አልፈለገችም።

* * *

ዘበኛውን ያንኑ ጥያቄ በሌላ አፍ ጠየቀችው።

«ያን ዕለት ጧት ማን ገባ አላልኩዎትም እንበል። ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«ግቢው ውስጥማ...» ዘበኛው አገጩን አከከ። «ጋሼ አሉ። ጋሼ ግን ገባ ወጣ የሚባሉ ሰው አይደሉም፤ ቤታቸው ነው።»

«አስታማሚዋስ?»

«እሷ ዘግይታ ነው የመጣችው። ፅዳቷ ስትጮህ በሩ ላይ አብረን ነበርን፤ አብረን ነው የሮጥነው።» ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ኢንስፔክተር፣ ምን እያሰብሽ ነው? አይሆንም። ጋሼ ጉንዳን አይረግጡም።»

አስታማሚዋ ብዙ አልተከራከረችም። ልጇ አሟት አርፍዳ ነበር፤ ሥራ አስኪያጇ «ከጧት ጀምሮ ነበርኩ በይ፤ እንጀራሽን አልነካም» ብላታለች። ይህን ተናግራ ስታበቃ «እሳቸውን ማን ያበላቸዋል?» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ኢንስፔክተሯ እጄን ልታጠብ ብላ ወደ ጋሼ መታጠቢያ ቤት ገባች። በሳሙና ማስቀመጫው ላይ ሮዝ ሳሙና አለ። አንስታ አሸተተችው፤ ጽጌረዳ። የጎማ መፍቻው የምርመራ ውጤት በዚያኑ ቀን መጣ፤ ከውጭ ታጥቧል፣ ከብሎን መያዣው ጉድጓድ ውስጥ ግን ደም ተገኝቷል።

* * *

«በሩን ዝጊው» አለች ሥራ አስኪያጇ ኢንስፔክተሯን ስታያት። አንቱታውን ተወችው። ከጠረጴዛው ሥር የነበሩት እጆቿም ወጡ።

«አባቴ በየማለዳው አዳራሽ ይወርዳል። የድንቢጥን ጎማ ብሎኖች ያላላና መልሶ ያጠብቃል። አራቱንም። ሐኪሙ ለእጁ ጥሩ ነው ስላለ ተውነው። ትንበያ ያኔ ይመጣና አጠገቡ ይቆማል። አባቴ ‹ድንቢጥ ስንት ተሸጠች?› ይለዋል። ትንበያም ‹ጋሼ፣ ወረፋ ነው፤ ሕዝቡ ተሰልፏል› ይለዋል።»

«ለምን ተቀየረ?»

«አባቴ አመነዋ። ስልክ አንስቶ ብረት አዘዘ። አቅራቢዎቹ ያከብሩታል፤ የሱ ቃል ለነሱ ፊርማ ነው። ብረቱ በመኪና ተጭኖ መጣ። ለማትሠራ መኪና። ቅቤ አንጓች ባንድ በኩል፣ አባቴ ባንድ በኩል፤ ሁለቱም የሌለ ሽያጭ ይሸጣሉ። የማደርገው ጠፋኝ። ትንበያን ጠራሁትና ነገ እውነቱን ንገረው አልኩት።»

«እሺ አለ?»

«እምቢ አለኝ። ‹እውነቱን ይረሱታል፤ የሚተርፋቸው ሐዘኑ ብቻ ነው› አለኝ። ለመነኝ። እኔ ግን አለቃው ነኝ። አዘዝኩት።» ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ስመጣ ተጋድሞ ነበር። አባቴ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ብሎን ይፈልጋል። እጁን አጠብኩለት፣ ልብሱን ቀየርኩለት፣ ብረቱን አጥቤ መለስኩ። ልጁ በሕይወት ቢሆን ሐኪም እጠራ ነበር፤ እመኚኝ። ደረቱ ላይ ጆሮዬን አድርጌ ሰምቻለሁ። ምንም አልነበረም።»

ኢንስፔክተሯ አመነቻት። ማመኗ ግን ለማንም የሚፈይደው ነገር አልነበረም።

«ውሰጂኝ» አለች ሥራ አስኪያጇ። «እኔ ነኝ በይ። እኔ ነኝ ያዘዝኩት፤ እኔው ነኝ።»

«ብልማ በወደድኩ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አልችልም።»

* * *

የጋሼን ቃል የተቀበለችው አትክልቱ ቦታ፣ ሐኪም ባለበት ነው። ሳጅኑንና ሐኪሙን፣ ከረባት ያላሰሩትን ሁለቱን፣ በደስታ ተቀበሏቸው፤ ወንበር አስመጡላቸው።

«ጋሼ፣ አዳራሹ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ተጋጭተው ነበር?»

የሚያስታውሱ አልመሰላትም። ከዚያ ግንባራቸው ተቋጠረ።

«አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ መጣ። የባንክ ሰው ነው መሰለኝ። ድንቢጥ ቆማለች፣ ከእንግዲህ አትሠራም አለኝ። ውጣልኝ አልኩት። ‹ጋሼ፣ እኔ ነኝ› ይለኛል። አንተ ማን ነህ? አልወጣም አለ። ክንዴን ያዘኝ። ሊወስዷት የመጡ መሰለኝ።» እጃቸውን አዩት። «መታሁት መሰለኝ። መታሁት እንዴ?»

ሐኪሙ እጃቸውን ቀስ ብሎ ያዘላቸው።

«ትንበያ ቢኖር ኖሮ ያን ሰውዬ ያሳፍረው ነበር» አሉ ጋሼ። «ቁጥሩን አንድ በአንድ ነግሮ ነበር የሚመልሰው። ልጁ ለኔ ሲል ከማንም ጋር ይጋጫል።»

ሳጅኑ መጻፉን አቆመ። ሐኪሙ ኢንስፔክተሯን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚህ በላይ የሚጠየቅ ነገር የለም ማለቱ ነበር።

* * *

ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አንብቦ ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። «ልጅቷን ማስረጃ በማጥፋት እከሳታለሁ። ሽማግሌውን ግን ምን ላድርጋቸው? ጧት የሠሩትን ማታ የማያውቁ ሰው ናቸው። የሚጠበቅ ሆስፒታል ይገባሉ። ከዚህ ሌላ የማውቀው መንገድ የለም።»

ኢንስፔክተሯ ይህንኑ ለእናትየው ነገረቻቸው። እናትየው እስከ መጨረሻው ሰምተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሽማግሌውን ማየት። ኢንስፔክተሯ ይቅርብዎ አለች። እንደገና ጠየቁ። በሦስተኛው እሺ አለች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ጋሼ መስኮት አጠገብ ነበሩ። ማንም የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው የለም፤ ልጃቸው ታስራለች፣ አስታማሚዋን አላስገቧትም። ኢንስፔክተሯ በሩ ላይ ቀረች። እናትየው ፊታቸው ቆመው የሚሉት ከዚያ አይሰማም። ያየችው ሽማግሌው ተነስተው ወንበራቸውን ለእናትየው ሲለቁ ነው። እናትየው አልተቀመጡም። ሽማግሌው እጃቸውን ይዘው ብዙ አወሩ፤ ሣቁም። ከዚያ እናትየው እጃቸውን ቀስ አድርገው አስለቅቀው ወጡ።

እናትየው ከፊት ከፊት እየሄዱ ግቢው ደረሱ።

«ልረግመው ነበር የሄድኩት» አሉ በመጨረሻ። «ቃሉን ሌሊቱን ሁሉ ሳዘጋጅ አደርኩ። የትንበያ እናት ነኝ ስለው ከወንበሩ ተነሳልኝ። ልጅሽን አሳድገሻል አለኝ። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ሴት ቆማ እኔ አልቀመጥም አለኝ።» ነጠላቸውን አጠበቁ። «በሌላ ቀን ከትንበያ ጋር አብራችሁ ኑ አለኝ።»

«ምን አሏቸው?»

«ምን ልበለው? እሺ አልኩት።»

ኢንስፔክተሯ የመኪናውን በር ከፈተችላቸው። እናትየው አልገቡም።

«የአንቺ ሥራ ሰው መያዝ ነው አይደል ልጄ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ማንን ያዝሽልኝ?»

ኢንስፔክተሯ ስለ ሕጉ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ልጅቱ ክስ ልታወራ ትችል ነበር። በሩን እንደያዘች ቆመች። ከግቢው ውጭ መኪኖች ያልፋሉ፤ እናትየው አንድ በአንድ ሲያዩዋቸው ቆዩ። ከዚያ ድካማቸው አሸነፋቸውና ራሳቸው ገብተው ተቀመጡ። የመቀመጫውን ቀበቶ ስበው ማስገቢያውን ፈለጉት፤ አጡት፤ እንደገና ፈለጉት።

«ይሄን ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያስርልኝ» አሉ።

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አሰረችላቸው።